የዛጎሏ የመጨረሻ መስመር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ጭጋግ ነው። የምሠራበት ቤተ ሙከራ ውስጥ እኔና አለቃዬ ዶክተሯ ብቻ ነን።

ለታናሽ ወንድሜ፣ ባለህበት ባሕር ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ከሐምሌ ወዲህ ደብዳቤህ አልደረሰኝም፤ ፖስታ ቤቱ ሰነፍ ሆኗል።

አምና ከመርከብህ የላክህልኝን ዛጎል ዶክተሯ አየቻት።

«ስጪኝ እስቲ፣ ያደገችበትን ውሃ ሙቀት እንለካ።»

«የወንድሜ ናት» ብላት፣ «አይዞሽ፣ አንበላትም!» ብላ ሳቀች።

ዛጎል መስመር በመስመር ያድጋል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ከባዱ የኦክስጅን ዓይነት ይበዛበታል። ከየመስመሩ ዱቄት ፍቄ ሰጠኋት፣ በመሣሪያው ለካችው። የመጨረሻው መስመር አራት ዲግሪ ሆነ። ያ ባሕር አሁንም መንገድህ ነው። ሰው በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩና፣ «ሻይ ልቅዳልሽ?» አልኳት።

ረቡዕ። ደብዳቤው ሳይላክ አደረ። ዛሬ ጠዋት ወደ ወደቡ ቢሮ ሄጄ፣ ከደረሱት መርከቦች ዝርዝር ላይ የመርከብህን ስም ሁለት ጊዜ በጣቴ ፈለግሁ። ጸሐፊው ቀስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ከጎኑ ያለውን፣ ያልተመለሱትን መርከቦች ዝርዝርም ይመልከቱ» አለኝ። ሳልመለከት ወጣሁ። ሱቅ ገብቼ በልክህ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ገዛሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አሽጌ ላክሁልህ።

ሙቀት አይለይህ።

እኅትህ