የማላውቀውን የምናገርበት ጠዋት

ሚያዝያ 4
ችግኝ ጣቢያ ዋልን። አረም ነቀልን፣ መደብ አጠጣን። ኮሶው አድጓል፤ ወይራው ገና ነው። ሰባት ነን፣ ሁላችንም ሴቶች፤ ማንም አልቀረም። ደህና ቀን።

ሚያዝያ 9
መንገዱ ተዘጋ። ናፍጣ የሚያመጣው መኪና ወረኢሉ ቆሟል አሉ። ስልክም የለም። ከወንዝ ውሃ የሚስብልን ፓምፕ ውስጥ የቀረችው ናፍጣ ትንሽ ናት። ለሴቶቹ ምን ልበል? እኔ ፊደል ከስኳር መጠቅለያ ላይ የለቀምኩ ሰው... ንግግር የት አውቃለሁ? አስተባባሪ ሲሉኝ ቀድሞ ገብቶ መሥራት መስሎኝ ነበር። ዝም አልኩ።

ሚያዝያ 13
ፓምፑ ቆመ። ከወንዝ በጀሪካን ስንሸከም ዋልን። የጥዱ ጫፍ ጠውልጓል። ሁለት ሴቶች ከሥራ ቀሩ። አብራን የምትሠራው ሀናን አጥሩ ሥር ያዘችኝ። ከሳውዲ ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም።
«እቴቴ፣ ጣቢያው ሊዘጋ ነው አይደል?»
«ማን አለሽ?»
«ዝምታሽ ነዋ! ማዳሜም እንዲህ ዝም ብላ ብላ ነው አንድ ቀን ሻንጣሽን ያዢ ያለችኝ።»
እኔ እኮ እንዳላስደነግጣቸው ብዬ ነው...

ሚያዝያ 14
የቀሩትንም ከቤታቸው ጠርቼ ሰበሰብኳቸው። 
«መንገዱ መቼ እንደሚከፈት አላውቅም። ናፍጣው መቼ እንደሚመጣም አላውቅም። ጣቢያው ይዘጋል ያለኝ ሰው የለም። ውሃ ካላገኘን ግን ችግኙ ክረምት አይደርስም። ይኸው ነው።»
 ከዚያ የሻለም፣ ምላሷ መች ያርፋል፣ «ኧረ ጉድ! ይቺ ሴትዮ ለካ አፍ አላት!» አለች። ተሳቀ።
ታላቃችን እትዬ ኡምኩልሱም አልሳቁም። ኮረብታውን ያያሉ። «ከመስጊዱ በላይ ምንጭ አለ። አባቴ በቦይ ጎመን ያጠጣበት ነበር። ቦዩ ተደፈነ እንጂ ምንጩስ አለ።»
«እስካሁን ምነው ሳይነግሩን?»
«ናፍጣው ነገ ይመጣል ስትሉ አይደል የምሰማው!»

ሚያዝያ 16
የቦዩ ቁፋሮ። ባሎችና ጎረቤቶች ሊያግዙን በጅጌ ተጠራርተው መጡ። እጄ ተላጠ። ጠዋት ጠዋት፣ አካፋ ሳናነሳ፣ የማውቀውንም የማላውቀውንም እነግራቸዋለሁ። የቀረ ሰው የለም።

ሚያዝያ 22
ውሃው ደረሰ! ቀይ ሆኖ፣ ቅጠል እየገፋ፣ እየተንፏቀቀ መጣ። ሀናን ከነጫማዋ ገባችበት። እትዬ ኡምኩልሱም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ፊታቸውን አበሱ። እልልታው ከየት መጣ ብዬ ዞርኩ... ለካ እኔ ነኝ።

ሐምሌ 8
መንገዱ ከተከፈተ ሰነበተ። ችግኙ ዛሬ ለተከላ ይወጣል፤ ኮሶው፣ ወይራው፣ ጥዱም ጭምር። የወግዲ ገበሬዎች አህያ እየነዱ ማልደው ደረሱ። ዛሬ ምን የማላውቀው አለ ብዬ ዝም ብዬ ሥራ ጀመርኩ።
የሻለም ከመደቡ መሀል ጮኸች። «ዛሬስ? የማታውቂውን ሳትነግሪን ንክች አናደርግም!»
ዞር ብዬ አየሁ። «ይሄ ሁሉ አህያ በዚች በር እንዴት እንደሚገባ አላውቅም።»
«እሱ ምን ችግር አለው! አጥሩን መንቀል ነው!»
ነቀልነው።