ዋጉ ባንቺ እግር አልመጣም

ቢቸና፣ ግንቦት 1964 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ወለተ ሥላሴ፣

ከቢቸና እስከ ሞጣ የባቄላን ዋግ እንደ እኔ አጥርቶ የሚያውቅ ሰው የለም። እሺ፣ አንድ ሰው አለ፤ ከአዲስ አበባ የመጡት የእርሻ ባለሙያ፣ አቶ አካለ ወልድ። እኔ የሳቸውን ከረጢት ነበር የምሸከም። ቅጠል ብቻ ቢሆንም ከረጢት ከረጢት ነው። ይህን ደብዳቤ ግን ማንም አላገዘኝም። የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደሉን ጨርሻለሁ፤ መምህራችንም «ከአፍህ እጅህ ይሻላል» ብለውኛል።

ባልሽ መንግስቴ ሲያነብልሽ አማትሽ እሜቴ አመተ ሥላሴም አጠገብሽ ይቀመጡ። ጉሮሮውን ጠርጎ ጮክ ብሎ ያንብብ።

ባቄላ ሲያብብ አሁንም ትዝ ትይኛለሽ። ከአባታችን ማሳ ዳር ቆመሽ ያችን በነጭ ላይ ጥቁር ጣል ያለባትን አበባ እያሳየሽኝ፣ «አየህ፣ ተኩላለች፤ ማን ሊያገባት ይሆን?» ትይ ነበር። እኔ እሸቱን ስጨርሰው «ለዘር አስቀርለት እንጂ» ትይኛለሽ። «ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ» እልሽና በጓል ታባርሪኛለሽ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ በጓል የሚያባርረኝ ጠፍቶ ሰው ሁሉ ቁም ነገረኛ አድርጎኛል።

አምና በጥር ስትዳሪ ከዚያው ማሳ አንድ ቁና ዘር ይዘሽ ሞጣ ሄድሽ። በሰኔ ከአማቶችሽ ባቄላ ጎን ተዘራ። በጥቅምት የነሱ ቅጠል ዝገት የመሰለ ዱቄት ለብሶ ረገፈ፤ ያንቺ ግን ለምልሞ ቆመ። ምነው አብሮ በረገፈ። «እግረ ደረቅ ናት፤ ዋጉን ይዛው መጣች፤ የኛን ልምላሜ ለራሷ ሳበችው» ተባለ። ከማሳው እንዳትደርሺ ተከለከልሽ። ከአቶ አካለ ወልድ ጋር ቅጠል ልንለቅም በመጣን ጊዜ አማትሽ ያሉት ከጆሮዬ አልወጣም።

«ቅጠሉን ውሰዱት፤ ይችንም ጨምራችሁ ውሰዱልኝ።»

አንቺ መሬት መሬት ታይ ነበር። እኔም ቀልድ ጠፋብኝ፤ እንዲያ ሆኜ አላውቅም።

አቶ አካለ ወልድ ቢቸና በተከራዩት ቤት የኛንም የሞጣንም ባቄላ በባዶ ጣሳ አበቀሉ። ከኛው ማሳ ዋግ ከመታው ቅጠል ያራገፉትን ዱቄትና ከሞጣ ያመጣነውን ለየብቻ ነሰነሱበት። ጥቂት ሳምንት ቆይተው ጠሩኝ።

«የሞጣው ዱቄት የሞጣን ባቄላ አዛገው፤ የቢቸናን አልነካውም። የቢቸናው ደግሞ የቢቸናን በልቶ የሞጣን ተወ። ምን ይገባሃል?»

«ዋግም እንደ ሰው አገሩን ይወዳል» አልኳቸው።

ሳቁና አስረዱኝ። «ዋግ የሻጋታ ዘመድ ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ወገኑ ብዙ ነው፤ አንዱ ወገን የሚጥለውን ባቄላ ሌላው አይደፍረውም። እህትህ ከዚህ ይዛው ሄዳ ቢሆን ኖሮ የሷ ባቄላ በወደቀ፣ የአማቶቿም በቆመ።»

እሜቴ፣ እየሰሙ ነው? ዋጉ የሞጣ ተወላጅ ነው፤ እህቴ አታውቀውም።

ደግሞ አቶ አካለ ወልድ፣ ያንቺንም ባቄላ የሚጥል ወገን አንድ ቀን ሊመጣ ይችላል ብለዋል። ስለዚህ ለሰኔ ሁለቱ ዘር ተቀላቅሎ ይዘራ፤ አንዱ ቢወድቅ አንዱ ይቆማል። የምትቀላቅይው አንቺ ሁኚ፣ ያውም እማሳው ላይ ቆመሽ። ይህን ሁሉ ለእናታችን ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

እሸት ሲደርስ እመጣለሁ። ማሳው ውስጥ ካገኘሁሽ ጠግቤ እመለሳለሁ። ካላገኘሁሽ ግን ይዤሽ ነው የምመለስ፤ ይህ ቀልድ አይደለም።

እናታችን ሳቀች ያልኩት ብቻ ከራሴ ነው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ኋላ፣ «ልጄ አሁንስ እህል ትቀምስ ይሆን?» አለችኝ። የምመልስላትን ላኪልኝ።

ወንድምሽ ታዘበው፣ በገዛ እጁ