ያቺ ባለ ሁለት ሸክላ አልበምና ያልነገርኩህ ስልክ

መስፍኔ፣ የሐና አባት፣

ከተለየኸን ትናንት ዓመት ከሁለት ሳምንት ሞላህ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጽፍልህ እየተነሳሁ ትቼዋለሁ። የቤቱን ወሬ አስቀድሜ ልንገርህ፤ የከበደኝን ወደ ኋላ ማቆየት እንደምወድ ታውቃለህ።

አሁንም ካልጋሪ፣ ትበይድበት ከነበረው የባቡር ጋራዥ አጠገብ፣ ኦግደን ሠፈር ነን። ፉርጎዎቹ ሲገጣጠሙ መስኮቱ እንደ ድሮው ይንቀጠቀጣል። መኪና መንዳት ተምሬ ላይሰንስ አወጣሁ፤ ሁለት ጊዜ ወድቄ ነው። ሐና በቁመት በለጠችኝ። ቤዝመንቱን ለአንዲት ተማሪ ስላከራየነው ጊታርህንና ሸክላዎችህን ወደ ሳሎን አውጥቻቸዋለሁ።

የምጽፍልህ ስለ አንደኛዋ ሸክላ ነው፤ ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ስለመጡት የሮክ ልጆች አልበም። አዲስ አበባ እያለን ሆቴል ውስጥ ጊታር ትጫወት በነበረበት ዘመን አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ አሜሪካዊ አስተማሪ ሰጥቶህ፣ ስንሰደድ ጥለናት ወጣን። እዚህ ካልጋሪ ሰው ሁሉ ሸክላውን እየጣለ ሲዲ ሲገዛ፣ አንተ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ መልሰህ አገኘሃት። ያን ቀን ካፖርትህን ሳታወልቅ ነው ታሪኳን የነገርከኝ። ልጆቹ ሁለት አልበም አውጥተው ሰሚ አጥተው ነበር። ሦስተኛውን ግን ስቱዲዮውን ትተው ሕዝብ ፊት ቀረጹት፤ ስማቸውን ያስጠራው እሱ ነው። «አየሽ፣ ችሎታው ድሮም ነበራቸው። የቀራቸው ሰው ፊት መቆም ነበር» አልከኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁህም።

የሥራ ባልደረባህ ግሌን ያቺኑ አልበም እንደሚወድ ካወቅክ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ እየሄድክ አብራችሁ ትጫወቱ ጀመር። ሁለቱ ጊታሮች የሚቀባበሉበትን ቦታ ከእሱ አብልጠህ እንደምታውቀው ራሱ ነግሮኛል። እኔ ግን ጊታሩን በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ የአዲስ አበባው መጠጥህ ነበር። ሐና ስትወለድ ትተኸዋል። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠብታ አልቀመስክም፤ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አላመንኩህም።

ያን ክረምት ግሌንና ጓደኞቹ አልበሟን ከዳር እስከ ዳር የሠፈሩ አዳራሽ ውስጥ ሊጫወቱ ተነሱ። ሁለተኛ ጊታሪስት ስለነበራቸው አንተ አልተጠራህም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ፤ ግሌን ነበር። «ጊታሪስታችን እጁን ተጎዳ። ለቅዳሜ ከመስፍን ሌላ ሰው የለንም። እስከ ነገ ኮል ያድርግልኝ» አለኝ። እሺ አልኩት። ያን ሳምንት የሥራ ሺፍታችሁ የተለያየ ስለነበር ሥራ ላይ አትገናኙም።

አንተ ግን የሰውየውን መጎዳት ሰምተህ ኖሯል። ስትገባ ጫማህን ሳትፈታ፣ «የደወለልኝ ሰው አለ?» አልከኝ።

«የለም» አልኩህ።

«ይሁን» ብለህ እጅህን ልትታጠብ ሄድክ። ዓርብም ጠየቅከኝ፤ ዓርብም የለም አልኩህ። ቅዳሜ፣ እነሱ መጫወት በሚጀምሩበት ሰዓት፣ ደጅ ወጥተህ በረዶ ትጠርግ ነበር። የኛን ጨርሰህ የጎረቤቱን ጠረግክ። በመስኮት እያየሁህ ነበር። ያኔ እንኳ በሩን ከፍቼ ብጠራህ ትደርስ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ግሌን ቤት አልሄድክም። እሱ ናቀን ብሎ፣ አንተም ናቁኝ ብለህ፣ ሥራ ቦታ በሰላምታ ብቻ ትተላለፉ ነበር ለካ። ጊታሩን ቤዝመንት ስታወርደው አየሁ፤ ምክንያቱንም አውቃለሁ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ብቻ ሳይሆን፣ ቅዳሜን ቤት ስለዋልክልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በሁለተኛው ወር ልብህ ሥራ ላይ ቀጥ አለች።

ለቅሶው ላይ ግሌን መጣ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ያን ቅዳሜ ደውዬ ጠበቅነው። ቦታውን ክፍት ትተን ተጫወትን። ለምን እንደቀረ እስከ ዛሬ አልገባኝም» አለ በእንግሊዝኛ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሼ ኃይሉ እንግሊዝኛው አይሆንላቸውም። «ምን አለ፣ ልጄ?» አሉኝ። «ጥሩ ሰው ነበር፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ነው የሚለው» ብዬ ተረጎምኩላቸው። ቀና ስል ሐና እያየችኝ ነበር።

ልጅህ እንደምታውቃት ናት፤ አትጮህም። አራት ወር ቆይታ መኪና ውስጥ፣ «ማሚ፣ ግሌን ደውሎ ነበር አይደል? ለዳዲ አልነገርሽውም፣ ራይት?» አለችኝ። ጥግ ይዤ ፓርክ አደረግኩና አንዱንም ሳላስቀር ነገርኳት። «እሱ እኮ አይጠጣም ነበር» አለች።

ግሌን ዘንድም ሄድኩ። በረንዳው ላይ ቆሞ ሰምቶኝ፣ «ደግሜ መደወል ነበረብኝ» አለ። ጥፋቴን ሊካፈለኝ ፈልጎ ነው። እንቢ አልኩት።

ሙት ዓመትህ ላይ፣ ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲቀመጥ፣ ተነሳሁ። ግሌን በለቅሶው ቀን ያለውን ቃል በቃል በአማርኛ ነገርኳቸው፤ ያደረግኩትንም ጨመርኩ። ጋሼ ኃይሉ አዝነው፣ «ልጄ፣ ይህን ባንሰማ ምን ይጎድልብን ነበር?» አሉኝ።

«እናንተ የምታውቁት በያጁን መስፍንን ነው፣ ጋሼ። ሙዚቀኛውን ያላያችሁት በእኔ ምክንያት ነው» አልኳቸው።

ሐና መጥታ አጠገቤ ቆመች። እጄን አልያዘችኝም፤ እስክቀመጥ ድረስ ግን አልሄደችም።

መስፍኔ፣ ይቅር በለኝ ብዬ አላስጨንቅህም፤ መልስ መስጠት የማትችልበትን ነገር መለመን ለእኔ ማምለጫ ይሆንብኛል። ቃል የምገባልህ ሌላ ነው። ባለቤትሽ ምን ይሠራ ነበር ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ፣ አስቀድሜ የምለው ጊታር ይጫወት ነበር ነው። ከዚያ የቀረውን እነግረዋለሁ፤ የእኔንም ጭምር። በሕይወት እስካለሁ እንዲህ ነው የማስታውስህ።

ባለቤትህ አልማዝ