«ሹድ» ስለተባለችው ቃልና ስለ ባለቤቴ ክንድ

ለተከበሩ ሚስተር ኔቪል ክራብትሪ፣
የኦክንሾው ከተማ ምክር ቤት የእንስሳት ቁጥጥር ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ሁለቱም ክንዶችዎ በቦታቸው እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። የባለቤቴ የክሊፈርድ ግራ ክንድ ከክርኑ በታች ስለሌለ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብልዎ ወደድኩ።

አንደኛ፣ የጎረቤታችን የኪት ሰግደን ውሻ ድመታችንን ቦጫጭቆ ሲገድላት አቤት ብንል፣ ለውሻው ጌታ ደብዳቤ ጽፈውልናል። ውሻው ሲወጣ አፉ «ሹድ» ይታሰር ይላል። እኔ ሞኟ ትእዛዝ መስሎኝ ነበር። ኪት ግን ወረቀቱን በአጥር ላይ እያውለበለበ አስተማረኝ፤ «ቴልማዬ፣ ደህና አድርገሽ አንብቢው እንጂ! ‹መስት› ቢል ግዴታ ነበር። ‹ሹድ› እኮ ቢታሰር ጥሩ ነው ማለት ነው። ጥሩ ነገር ሁሉ ደግሞ አይደረግም!»

ሁለተኛ፣ ቢሮዎ ስደውል ጸሐፊዎ «አይዞዎት እመቤቴ፣ ሰው ልንልክ እንችላለን» ብለው አጽናንተውኛል። «መቼ?» ብላቸው፣ «እንችላለን ነው ያልኩት፤ እንልካለን መች ወጣኝ?» አሉኝ። ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ቅዳሜ ጠዋት ክሊፈርድ ደጃፍ ላይ የወተት ጠርሙስ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ውሻው አጥሩን ዘሎ ክንዱን ያዘው። አጥንቱ ሲሰበር ከወጥ ቤት ሰማሁት። ኪት በመስኮት «ልቀቅ! ዱክ፣ ልቀቅ አልኩህ!» እያለ ይጮኻል እንጂ አልወጣም። ክሊፈርድ «ግደይው፣ ቴልማ! ግደይልኝ!» አለኝ። የከሰል አካፋ አንስቼ የውሻውን ጭንቅላት መታሁት፤ አለቀቀም። ደሙ የማን እንደሆነ እስኪጠፋኝ ደጋግሜ መታሁት። ከሞተ በኋላ እንኳ መንጋጋውን ፈልቅቀን ነው ክንዱን ያወጣነው።

ክሊፈርድ ክንዱ ተቆርጦ ከሆስፒታል ሳይወጣ ሌላ ደብዳቤዎ መጣ፤ ይኸኛው ለእኔ ነው። የሰው ውሻ ስለገደልኩ ቢሮዎ «መስት» ቀርቤ መልስ እንድሰጥ ያዛል። ለካስ ቃሉን ያውቁት ኖሯል! መልሴ አጭር ነው፦ አልመጣም። ላልመጣ እችላለሁ አላልኩም፤ አልመጣም።

ረጅም ዕድሜና ሙሉ አካል እየተመኘሁልዎ፣ እኔ በሁለቱ፣ ባለቤቴም በቀረችው አንዷ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እንነሣለን።

ቴልማ ሆልሮይድ

ማሳሰቢያ፦ ኪት ሰግደን ቤቱን ሸጦ እርስዎ ከሚኖሩበት መንገድ ሊገባ ነው፤ አዲስ ውሻም ገዝቷል። ሊነክስ ይችላል፣ ላይነክስም ይችላል። ሲወጡ ሲገቡ ቢጠነቀቁ ይመረጣል።