በቁመትሽ ልክ የተመረጠ ጠረጴዛ

ሲያትል፣ ጥቅምት 11 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ፣ አንድ አባት ባይወልደንም፣ ለእህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ሳሉስ ተወሽ ወይ? የሱዳን፣ የገዳሪፍ አቧራ ለጤነኛም አይሆንም። እርጥብ ነጠላ አፍንጫሽ ላይ ጣል አድርገሽ ትተኚ እንደነበር አልረሳሁም፤ አሁንም እንደዚያው አድርጊ። እኔ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ። ጳውሎስም ደህና ነው። ቱክዊላ ካለ መጋዘን ዕቃ ሲጭን ይውላል፤ አልፎ አልፎ ወገቡን ያመዋል እንጂ ሌላ ነገር የለበትም። ስምሽን በደብዳቤው ራስጌ ላይ ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም። አምስት ዓመት ከመንፈቅ ሰው ሁሉ በእሱ ሲጠራኝ ኖሬ አሁን ላንቺ ብጽፈው ለራሴ የምጽፍ ይመስለኛል።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰባት ወር ሆነው። አልደረሰኝም ብዬ ልዋሽሽ ነበር፤ ውሸቱ በዛብኝና ተውኩት። መልሱን ከመስጠቴ በፊት ግን ስለ አንድ ጠረጴዛ ላውራሽ። ወደ ዋናው ነገር በሌላ በኩል መግባት አቃተኝ።

በነሐሴ ቼሪ መንገድ ላይ ትንሽ ቤት ተከራየን። በሩ ሲከፈት ጠባብ መተላለፊያ አለ። ጳውሎስ የገባን ዕለት ግድግዳውን ሲያይ ቆየና እዚህ ጋ ቀጭን፣ ረዘም ያለ ጠረጴዛ ያስፈልጋል አለ፤ ለጸሎት የሚመጣ ሰው ቁልፉንና መጽሐፍ ቅዱሱን የሚያሳርፍበት። እኔ ታውቂኛለሽ፣ አዲስ ነገር ነው የምወደው። ከገበያ አዳራሹ ባለ መስተዋት አንዱን አይቼ ልቤ ሄዶ ነበር። እሱ ግን ኮምፔንሳቶ ቤቴ አይገባም ብሎ ድርቅ አለ። አሮጌ ይሁን፣ በእጅ የተሠራ ይሁን አለ። እናም ሦስት ቅዳሜ ከአንዱ አሮጌ ዕቃ ቤት ወደ ሌላው ሲያዞረኝ ከረመ።

አንዱ ጠረጴዛ እብነ በረድ ተጭኖት ጎብጧል፤ ሌላው ቫርኒሹ እንደ ተወለወለ ጫማ ያበራል። እሱ እቴ፣ ፊታቸውን መች ያይና! ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ከሥር ይገባል፤ በጣቱ ይዳስሳል፤ መሳቢያውን ስቦ ያወጣና እንጨቱን ያሸታል። የአባትሽ ትምህርት ነው። ሆሳዕና ከተማ ከእሳቸው ሥር የእንጨት ሥራ ሲማር፣ ፊቱን ለገዢ ተውለት፣ ማጭበርበር ካለ ከሥር ነው ይሉት ነበር አሉ። ባለ ሱቆቹ አንገታቸውን እያሰገጉ ሲያዩት እኔ አፍሬ ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከወደቡ በላይ ካለች አሮጊት ሱቅ ገባን። ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ጥቁር ቡናማ፣ እግሮቹ ቀጫጭን፣ ሁለት መሳቢያ ያለው፣ አንድም ምስማር ያልገባበት፤ እንጨቱ እንጨቱን ነክሶ ነው የያዘው። ጳውሎስ ከሥር ገብቶ ቆየ። ሲወጣ ፀጉሩ ላይ የሸረሪት ድር ይዞ ነበር፤ ይስቃል። የመላጊያው ምልክት እስካሁን ይዳሰሳል፣ የሠራው ሰው አልቸኮለም አለኝ። ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ መሰለሽ!

ከዚያ ያደረገውን ልንገርሽ። ጠረጴዛውን ከግድግዳ አስጠጋና አጠገቡ ቆመ። ጎኑ ሰው ያለ ይመስል እጁን ዘረጋ፣ ትከሻ እንደሚያቅፍ አድርጎ። ቀጥሎ ያንኑ እጁን ወደ ወገብ ዝቅ አደረገና ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው። ልክ ነው አለ። እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ። ጠረጴዛው እኔን ከእምብርቴ በላይ ነው የሚደርሰው። አንድ ስንዝር እንደምትበልጪኝ አትረሺውም መቼም።

አሮጊቷ እንዲህ ሆነሽ መቆም የለብሽም ብላ ወንበር አቀረበችልኝ። ጳውሎስ አንገቱን ደፋ። ከተጋባችሁ ስንት ዓመታችሁ ነው ብላ ስትጠይቀው አሥራ አንድ አላት። ካንቺ ሠርግ ጀምሮ ነው የቆጠረው። ደንግጦ ዞሮ አየኝ፤ እኔም ያልሰማሁ መስዬ ጫማዬን አየሁ።

ትመጪያለሽ ብሎ እየጠበቀ ነው ያደረገው እንዳይመስልሽ። እህቴ፣ ጳውሎስ አንቺ እንደሞትሽ ነው የሚያውቀው።

በበደልኩሽ ላይ ያልበደልኩሽን ጨምረሽ እንዳትከሽኝ ነገሩን ከመነሻው ልበለው። ገዳሪፍ ለአሜሪካ ጉዞ የምንመረመርበት የራጁ ቀን ሲደርስ ሳንባሽን ፈራሽ። አንቺ ደረትሽ ጤነኛ ነው፣ በኔ ስም ተነሽልኝ ብለሽ ለመንሽኝ። እኔም ምን አለበት ብዬ ሄድኩ፤ ገላዬን ላንቺ ማዋስ መስሎኝ ነበር። ራጁን ያነሳው ሰው እዚያው አዞረኝና ፊቴን ደግሞ ለጉዞው ወረቀት አነሳው። ስምሽ ሥር የእኔ ፊት ተለጠፈ። እናስተካክለው ብንል ሦስታችንም እንቀራለን ተባለ። አንቺ ነሽ ሂጂ ያልሽኝ፤ ስድን እከተላችኋለሁ፣ እስከዚያ ባሌን ጠብቂልኝ ያልሽኝ። ይህን ስትዪ አልቅሰሽ ነበር። እኔ ግን፣ እግዚአብሔር ያየኛል፣ አላለቀስኩም።

ሦስት ዓመት ጠበቅኩልሽ። እሱ መሬት፣ እኔ አልጋ ላይ። በ1977 ደብዳቤሽ ተቋረጠ፤ ለካ ለሕክምና ሌላ ካምፕ ወስደውሽ ኖሯል። ከዚያ ሽኩር የሚባል ሰው ከገዳሪፍ መጣና የሳንባ ሕመምተኞች ክፍል ውስጥ የነበረችው የሆሳዕና ልጅ አርፋለች አለን። ደግ ሰው ነው፤ የሰማውን ነው የነገረን። የሞተችው ማን እንደነበረች እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኛ ግን ላንቺ አለቀስን። ያንን ለቅሶ እንዴት ልንገርሽ! መጋረጃ ዘግተን ሁለታችን ብቻ። ማን ይምጣልን? ለማን ሞተብን እንበል? አንቺ በስምሽ እዚሁ ሲያትል፣ ሴንትራል ዲስትሪክት፣ በሕይወት አለሽ። በሦስተኛው ቀን የምሥራች የምትባል የቤተ ክርስቲያናችን ሴት በር ስታንኳኳ ፊታችንን ታጥበን ሻይ አቀረብንላት። ዓይናችሁ ምን ሆኖ ነው ብትለን ጉንፋን ነው አልናት። በስምሽ እየጠራች፣ አይዞሽ፣ ዝንጅብል ጠጪበት አለችኝ። እሷ ከወጣች በኋላ ጳውሎስ ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ አድርጎ ጮኸ። የሚያጽናናው ከእኔ በቀር ሰው አልነበረውም፤ እኔም ከእሱ በቀር አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ያለውን አልጽፍልሽም።

ከዚያ ባለፈው መጋቢት ያንቺ ደብዳቤ መጣ። ጳውሎስ ሥራ ላይ ነበር። ድኛለሁ፣ ገዳሪፍ ተመልሻለሁ ትያለሽ። ባሌ ሲያትል ነው ብል የሰውየው ሚስት አብራው ናት ብለው መለሱኝ፤ እባካችሁ የስደተኞች ቢሮ ሄዳችሁ እውነቱን ተናገሩልኝ ትያለሽ። ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ብንናገር ያባርሩናል፣ ለእሱ ፈርቼ ነው ብልሽ ደስ ባለኝ። እሱ ግን አያምርብኝም። የፈራሁት ጳውሎስ አንብቦ ሲጨርስ ኮቱን እንኳን ሳይለብስ እንደሚሮጥ ስለማውቅ ነው። እወደዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

መስከረም መጨረሻ ላይ ለዜግነት ማልን። ስምሽ ሲጠራ እኔ ተነሳሁ። እጄን አንስቼ የሚባለውን ሁሉ አልኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ወረቀቱ ስህተት ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ስምሽን ወሰድኩት። ደብዳቤሽን ቀደም ብዬ ባሳየው መድረስ ትችይ ነበር። ይህን እያወቅኩ ነው የማልኩት።

በዚያው ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች እንኳን ደስ ያላችሁ ሊሉን መጡ። የምሥራች ኬኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ሶ ይሄን ቴብል የት አገኛችሁት፣ እኔም ባሌን ፑሽ ማድረጌ ነው እያለች አሳቀችን። ቀጥላ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ትንሽ ከፍ አላለብሽም ወይ አለች። ጳውሎስ ሰሃን ሊያመጣ ወደ ኩሽና ገባ፤ ቶሎም አልተመለሰም።

አሁን የቀኙ መሳቢያ ውስጥ ቁልፍና ደብዳቤ ነው ያለው። የግራውን ጠርጌ ትንንሽ ልብሶች አስገብቼበታለሁ። የምሥራች ናት የሰፋችልኝ፤ ነጭና ቢጫ ናቸው።

ያንቺ ደብዳቤ ግን መሳቢያ ውስጥ የለም። ለእሱ መስጠት አቃተኝ። ማቃጠልም አቃተኝ፤ ክብሪት ጭሬ አጠፋሁት። የመሐላው ዋዜማ ዕለት ከነፖስታው በፕላስተር አድርጌ ከጠረጴዛው ሥር፣ ከሁለቱ መሳቢያዎች መሐል ለጠፍኩት። ቆሞ ላየው ሰው አይታይም።

የዚህ አገር እርጥበት እንጨት ይጎዳል። ጳውሎስ ቅዳሜ ገልብጦ ዘይት ሊቀባው ነው፤ ዘይቱን ትናንት ገዝቶ መጥቷል። ዛሬ ሐሙስ ነው። ደብዳቤሽን እስካሁን ከሥሩ አላነሳሁትም። አላነሳውምም መሰለኝ።

ጌታ ደረትሽን ይጠብቅልኝ። መንገድሽን፣ እኔ የዘጋሁብሽን ጭምር፣ እሱ ይክፈትልሽ። አባትሽን በሕይወት የሚያገኛቸው ሰው ካገኘሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ምን እንዳደረግሁ ግን አትንገሪያቸው። ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ የሆዴ ግን ምንም አያውቅም፣ እሱን እንዳትረግሚብኝ።

ስምሽን ይዤብሽ የቀረሁት
እህትሽ