ሳልቆም ላልፍ የማልኩበት መንገድ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ዴራ

ነፋሱ ከፊት ነው። ከናዝሬት ከወጣሁ ጀምሮ ከፊቴ አልጠፋም። አቧራው ጥርሴ መሃል ገብቶ ይንቀጫቀጫል።

የቢስክሌቴ የኋላ ጎማ ዛሬም በግራር እሾህ ተነፈሰ። የውስጡን ላስቲክ፣ ካላማዳሪያውን፣ አውጥቼ ስለጥፍ አንድ ሽማግሌ ፍየሎቹን አቁሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተመለከተኝ። «በቅሎ ይሻልህ ነበር» አለኝ። በቅሎን እሾህ አይወጋትም ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ «ይወጋታል፤ ግን አንክሳ ትነግርሃለች» አለ። ዛሬ የሰማሁት ቁም ነገር ይኸው ብቻ ነው።

መንገዱ መንገድ አይደለም። ድልድይ ባለበት ውሃ የለም፤ ውሃ ባለበት ድልድይ የለም። ርቀት የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «ቅርብ ነው» ይላል። ፈረንሳይ አገር ድረስ ሄጄ ሒሳብ ተምሬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ አስተምሬ፣ በዚህ አገር «ቅርብ» ማለት ስንት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ልጄ ሳሙኤል የዛሬ ሁለት ዓመት በዚሁ ቢስክሌት ከደሴ ተነሥቶ፣ አገሩን አቋርጦ ነገሌ ቦረና ሊገባ ነበር። ብቻውን። መንገድ ዳር ያገኘውን ተራራ ሁሉ ቢስክሌቱን ሰው ዘንድ እያስቀመጠ በእግሩ ይወጣ ነበር። ከአሰላ ወዲያ፣ ሳጉሬን አልፎ ወደ ጢቾ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ እህል የጫነ መኪና ገጨው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሾፌሩ ከድር የዚያው አገር ሰው ነው። ፍሬን እምቢ አለኝ አለ። ስምንት ወር ታሰረና ተፈታ። ስምንት ወር! ከዚያ የጎሳው ሽማግሎች እርቅ ብለው ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ድረስ ደጄ መጡ። በር አላስከፈትኩም።

የተጣመመውን የፊት ብረት ጎሚስታ አቃንቶልኛል። ከአዲስ አበባ ተነሥቻለሁ፤ ነገሌ እገባለሁ። እሱ የወጣውን የጭላሎን ተራራ እወጣለሁ። በዚያ ቁልቁለት ግን አልቆምም። ምዬአለሁ። አልወርድም፣ አላለቅስም፣ አልፋለሁ። ልጄ የሞተበት ቦታ የመንገዱ መጨረሻ ሆኖ እንዲቀር አልፈቅድም።

ባለቤቴ አጸደ ስወጣ በሩ ላይ ቆማ «ስትመለስ ምን ይለወጣል?» አለችኝ። ቢስክሌቱ ላይ ወጥቼ ሄድኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8፣ አሰላ

ዳገት። ከዴራ እስከ ኢተያ ዳገት፤ ከኢተያ እስከ አሰላ ያው ዳገት። አንዴም ወርጄ አልገፋሁም።

ውሸት ነው። ኢተያ አጠገብ ገፍቻለሁ። ከገበያ የሚመለሱ ጎረምሶች አዩኝ። «አባባ፣ ሳር አብሉት እንጂ!» አለ አንዱ። «ኧረ ቀንበሩን ይፍቱለት፣ ደክሞታል!» አለ ሌላው። እስክርቅ ድረስ ሳቃቸው ተከተለኝ። መልስ ልሰጥ ፈልጌ ትንፋሽ አጣሁ።

ጉልበቴ አብጧል። የቢስክሌቱ ካቴና ዘይት ጠጥቶ አይጠግብም። ብርዱ የደጋ ብርድ ነው፤ ከዴራ ሙቀት በአንድ ቀን እዚህ መውጣት ሰውነት ያደናግራል።

ያረፍኩበት ሆቴል ባለቤት ወይዘሮ በላይነሽ ይባላሉ። አያቶቻቸው ከመንዝ የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ግን አሰላ ተወልደው ኦሮምኛውን ከአማርኛው አስበልጠው ይናገራሉ። እራት ሲያቀርቡ ከየት ወዴት ነው ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ የማን አባት እንደሆንኩም። የያዙትን ሳህን መልሰው አስቀመጡት።

«ጋሼ፣ በሳጉሬ አይሂዱ።»

ለምን አልኳቸው።

«የከድር አገር ነዋ። እርቅ አልወረደም። የሟች አባት ብቻውን በዚያ አያልፍም።»

በገዛ አገሬ፣ በመንግሥት መንገድ ለማለፍ የማንን ፈቃድ ልለምን ነው አልኩ። ሳልጮኽ አልቀረሁም፤ የሚበሉት ሰዎች ዞረው አዩኝ።

«መንገዱማ የመንግሥት ነው» አሉኝ፣ «የመንግሥት ያልሆነው ሰዉ ነው እንጂ።» ይህን ብለው ሳህናቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። እራቴ ዘገየ፤ ሲመጣም ቀዝቅዞ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9፣ አሰላ

ጭላሎን ወጣሁ። ቢስክሌቱ ወይዘሮ በላይነሽ ዘንድ ዋለ።

መጀመሪያ የገብሱ ማሳ አለቀ፤ ከዚያ ደኑ፣ ከዚያ የአስታው ቁጥቋጦ፣ ከዚያ የውርጭ አገሩ ተክል ጅብራው። ከጅብራው በላይ ጉም ብቻ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ነበር። ሁለት ጊዜ ልመለስ ቆርጬ፣ ሁለት ጊዜ በገዛ ራሴ ተናድጄ ቀጠልኩ። ጫፉ ላይ ደረስኩ። ሳሙኤል ከዚህ ሆኖ ታች ቆላው ላይ ያለውን ሐይቅ አየሁ ብሎ ለእናቱ ጽፎላት ነበር። እኔ ጫማዬን እንኳ አጥርቼ አላየሁም። የሆነ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። በረደኝ፤ ያ ብቻ።

ቢሆንም ወጥቻለሁ። በሃምሳ አራት ዓመቴ።

ስወርድ ቡልኮ የለበሱ ሁለት ፈረሰኞች አገኘሁ። ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ሁሉ ይጠየቃል። ትልቁ ሰውዬ ከኮርቻው ላይ የወተት ጮጮ ፈትቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ ዘረጋልኝ። ጠዋት ከያዝኩት ውሃ በቀር ጉሮሮዬ ምንም አልቀመሰም ነበር። እጄን ስሰድ «የማን ወገን ነዎት?» አለኝ። ነገርኩት። እጁ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ጮጮውን ከደነው። የወተቱ ሽታ አፍንጫዬ ደርሶ ሳልቀምሰው! ሁለቱም ከፈረሳቸው ወርደው እስካልፍ ድረስ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

አንድ ጉንጭ ወተት ነፍጎ አንገት መድፋት! እንዲህ ያለ ግብዝነት አይቼ አላውቅም።

ዓርብ፣ ኅዳር 10፣ ሳጉሬ፣ ከቀትር በኋላ

ወሬ ከቢስክሌት ይፈጥናል። ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች ሳልፍ ማጭዳቸውን ጥለው ቆሙ። አንዲት ሴት ምንጭ ዳር ግማሽ የሞላ እንስራዋን አንሥታ ሮጠች። በሮች ተዘጉ። ሳጉሬ ስደርስ ሻይ ቤት ገባሁ። ሻይ አልኩ። «የለም።» ማንቆርቆሪያው እሳት ላይ እየተንተከተከ። ዳቦስ? «አልቋል።» ዳቦው መደርደሪያው ላይ ተደርድሮ ያየኛል።

ልጄን ገደሉ። አሁን ደግሞ አባቱን በጥም። ይህ ሕዝብ ይጠላኛል፤ እኔም አጸፋውን ለመመለስ አቅም አያንሰኝም።

ሲመሽ

ከላይ የጻፍኩትን አልሰርዘውም፤ ግን ስህተት ነው።

ልሳደብ ወደ ሻይ ቤቱ ተመለስኩ። ባለቤቱ ጀማል ይባላል፤ በኔ ዕድሜ ያለ፣ ኮፍያ ያደረገ ሰው። ጣውላውን በጡጫ መትቼ፣ ውሃ ለጠላትም ይሰጣል አልኩት።

«ጌታዬ፣ ማን ጠላዎት?» አለኝ። «እኔ የከድር ጎሳ ነኝ። መሃላችን ደም አለ። ጉማው ሳይወጣ ከእጄ ቢጠጡ የልጅዎን ደም እንደ ውሃ ቆጠርኩት ማለት ነው። እርስዎ ባያውቁት እኔ አውቀዋለሁ።»

ጉማ የሚሉት የደም እርቃቸውን ነው። እርቁ እስኪወርድ ድረስ የሟችና የገዳይ ወገን አብሮ አይበላም፣ አብሮ አይጠጣም። በኔ ቤት ናቁኝ፣ ነፈጉኝ፤ እነሱ ግን ልጄን ማክበራቸው ነበር። ጡጫዬን ከጣውላው ላይ አነሣሁ።

ከዚያ ጀማል በዓይኑ ወደ ቢስክሌቱ እያመለከተ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ። «የመጡት ለከድር ነው? ያ በሸራ የተጠቀለለው ነገር . . .» ሸራውን ፈትቼ የጎማ መንፊያውን ፖምፓና የተራራ ምርኩዜን አሳየሁት። አልሳቀም፤ ትከሻው ግን ወረደ።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ! አገሩ በሙሉ ጠመንጃ ነው ብሎ ነው እኮ የሸሸው።»

ስለ ከድር ሳልጠይቀው ነገረኝ። ከእስር ከወጣ ወዲህ መሪ አልነካም። ጸጉሩን አልተላጨም። ገበያ አይወጣም፣ ሠርግ አይጠራም። ከልጆቹ ጋር ከአንድ ገበታ አይቀርብም፤ ማሳ ዳር ጎጆ ቀልሶ ለብቻው ይኖራል። «ሽማግሎቹ ከደጅዎ በተመለሱ ቁጥር ያው ነው» አለኝ። «ከዚያ የሚያወጣው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ከስምንት ወር የሚበልጥ ቅጣት ነበር የተመኘሁለት፤ ይኸው እየተቀጣ ነው። ደስታው አልመጣም። ንዴቱም አልሄደም።

ጀማል ራሱ ከጎሳው ውጭ የሆነ ሰው ቤት መርቶ ወሰደኝ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ናቸው። እዚያ በላሁ፣ ጠጣሁ። ስንለያይ «ነገ ሴቶቹ ስንቄ ይዘው ከወጡ ይቁሙላቸው» አለኝ። ስንቄ ያገባች የአርሲ ሴት የምትይዘው ቀጭን በትር ነው፤ ሴቶች እሱን ይዘው መሃል ከገቡ የሚገዳደል እንኳ ይቆማል። እኔ ያልተቀበልኩት ሕግ አይገዛኝም፣ ሳልቆም ላልፍ ምዬአለሁ አልኩት።

«እሱን ለሴቶቹ ይንገሯቸው» አለ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11፣ እንደገና ሳጉሬ

አላለፍኩም። ጉልበቴ ቆስሏል፤ መዳፌ ተልጦ ብዕር መያዝ ያመኛል። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ጠዋት ውርጭ ነበር። ፍሬኑን ፈትሼ ተነሣሁ። ቁልቁለቱን ከላይ ሳየው አወቅሁት፤ ፍርድ ቤት የቀረበውን ንድፍ በቃሌ ይዤዋለሁ። በግራ ገደል፣ በቀኝ ማሳ፣ መታጠፊያው ላይ አንድ ጥድ። ፍሬኑን ለቀቅሁት። ፍጥነት ፈለግሁ።

መታጠፊያው ላይ ሴቶች ከገብሱ ውስጥ ብድግ አሉ። መንገዱን ዘጉት። በትራቸውን አግድም ይዘው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ይዘምራሉ። በገደሉ በኩል ግን ትንሽ ክፍተት ነበር። ቢስክሌት ያሳልፋል። አይቼዋለሁ፤ በዓይኔ ለክቼዋለሁ። መሃል ላይ የቆሙት አሮጊት ንቅንቅ አላሉም። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ፍሬኑን ያዝኩ። ጎማው ጠጠሩ ላይ ተንሸራትቶ እኔ በአንድ በኩል፣ ቢስክሌቱ በሌላ በኩል ወደቅን። ሊያነሣኝ የመጣ የለም። አንዲት ወጣት ሴት እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው። ትናንት ቢሆን ኖሮ ለዚህም እረግማት ነበር።

ተነሥቼ ጮኽኩ። የሁለት ዓመቱን ሁሉ። ገደለው፣ ዋሸ፣ ጥሎት ሸሸ፣ ልጄ መንገድ ላይ ብቻውን ሞተ። አሮጊቷ የከድር እናት ናቸው፤ አማርኛ አይሰሙም። ወጣቷ የከድር ሚስት ናት፤ እሷ ታስተረጉም ነበር። እዚህ ላይ ስትደርስ ማስተርጎሙን ትታ ራሷ መለሰችልኝ።

«ሸሽቷል። ደም ያፈሰሰ ሰው ይሸሻል፣ አይቆምም። ልጅዎ ግን ብቻውን አልሞተም። እማማ ነበሩ። ራሱ ጭናቸው ላይ ነበር።»

ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ተናግሮ ነበር ወይ አልኳት። ጠየቀቻቸው።

«ተናግሯል ይላሉ። ብዙ ተናግሯል፤ በአማርኛ።»

«ምን አለ?»

አሮጊቷ መታጠፊያውን አዩት። ከዚያ አጭር ነገር ተናገሩ። የከድር ሚስት ለመተርጎም አመነታች፤ የተባለውን ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ ንገሪኝ አልኳት።

«አልገባኝም ይላሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳስበው ኖርኩ፣ አንዱንም ቃል አልያዝኩም ይላሉ። ደስ እንዲልህ ብዬ አልዋሽህም ይላሉ።»

መንገዱ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሊያጽናኑኝ የመጡ ሁሉ አንዳንድ ነገር ነግረውኛል። አልተሠቃየም። ወዲያው ነው ያለፈው። ስምህን ጠራ። ሁሉም ያልነበሩበትን፣ ከራሳቸው። የነበሩት ሴት ግን የምነግርህ የለኝም አሉኝ። አመንኳቸው። ልጄ ከሞተ ወዲህ ሰው ሳምን የመጀመሪያዬ ነው።

ሴቶቹም ራቅ ብለው ተቀመጡ። መዝሙሩን ተዉት። ፀሐይዋ ውርጩን እስክታቀልጠው ድረስ እዚያው ተቀመጥን። በመጨረሻ ሽማግሎቹ ይምጡ አልኩ። ይቅር አላልኩም፤ ይምጡ ነው ያልኩት፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም ብዬ ለከድር ሚስት አስረዳኋት።

«እናውቃለን» አለች። «ይምጡ ማለትዎ ይበቃል ለዛሬ።»

እሑድ፣ ኅዳር 12፣ ሳጉሬ

ሚካኤል ነው። ዘበኛው ከማለዳ ጀምረው ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ከበሮው ይሰማኛል። አልሄድኩም።

ሽማግሎቹ መጡ። አዲስ አበባ ደጄ ከቆሙት አንዱ አሉበት። አወቅኋቸው፣ አወቁኝ፤ ስለዚያ በር አንድም ነገር አላነሡም። ለጉማ ስለሚከፈለው ከብት ሊጀምሩ ሲሉ አቋረጥኳቸው፤ ልጄ በከብት አይተካም አልኩ። «ከብቱ እሱን ሊተካ አይደለም» አሉኝ። «እኛ ሳይጎድልብን እንዴት ቀና ብለን እንይዎት?» ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ገና አልተስማማሁበትም።

ከድርን ከሩቅ አሳዩኝ። ከማሳው ማዶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ እርቁ ሳይወርድ ፊቱን ሊያሳየኝ አይገባም። ጸጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል። ፍርድ ቤት ያየሁት ሰው ወፍራም ነበር። ይህኛው ልብሱ ሰፍቶታል።

ቀጥሎ «የልጁ እናት በሕይወት አለች?» ብለው ጠየቁኝ። አለች አልኩ። ሁሉም ተያዩ። «እንግዲያው ያለ እሷ አንጀምርም» አሉ። አባት ነኝ፣ እኔ እበቃለሁ ብል የሚሰማኝ አጣሁ። በትራቸውን ይዘው ተነሡ።

ወደ አሰላ ለሚወርድ መኪና መልእክት ሰጠሁ፤ ወይዘሮ በላይነሽ ወደ አዲስ አበባ ስልክ ያስደውሉልኛል። ለአጸደ ምን እንደምል አላወቅሁም። ብዙ ጽፌ ቀደድኩ። የላክሁት ይህን ብቻ ነው፦ ደኅና ነኝ፤ ሳሙኤልን ያቀፉ ሴት እዚህ አሉ፤ ነይ።

ነገሌ ይቆያል።

አጸደ ስለ ከድር አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። ቤቱን በጩኸት የሞላሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ዝም ትል ነበር፤ ዝምታዋን ይቅርታ አድርጌ ወስጄው ነበር። አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ከኔ የከፋች ልትሆን ትችላለች። ላትመጣም ትችላለች። መጥታም አይሆንም ብትል ምን እንደምላት አላውቅም፤ አይሆንም ማለትን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ፀሐይ እየጠለቀች ነው። ከዚህ በር ላይ ሆኜ ይታየኛል፤ ከድር ያው ጀርባውን ሰጥቶ እንደቆመ ነው። ሽማግሎቹ ሲሄዱ በቃ ግባ ያለው የለም። እኔም ልለው አልችልም፤ ገና ነው።