ጋሽ አምባው ያላሉት ቃል

ቦንጋ፣ ኅዳር 14 ቀን 2002 ዓ.ም.

ውድ ሩሀማ፣

ይህ ደብዳቤ ከማን እንደመጣ ስታዪ ቀደሽ ልትጥዪው ትችያለሽ። አልቀየምሽም። አድራሻሽን የሰጡኝ ሠዓሊው ጋሽ ጉግሳ ናቸው፤ እሳቸውም ሦስት ጊዜ አስደውለውኝ ነው። መጀመሪያ «ለምን ፈለግኻት?» ሲሉኝ ስልኩን ዘጋሁት። በሦስተኛው «የበደልኳት ነገር አለ» አልኳቸው። «እሱንማ እናውቃለን» ብለው የፖስታ ሣጥን ቁጥርሽን ነገሩኝ።

የምታውቁት ግን ግማሹን ነው። የምጽፈው ሌላውን ግማሽ ልነግርሽ ነው።

በ2000 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ እዚህ ቦንጋ መሥሪያ ቤታችን ለሚሌኒየሙ ዓመት የሥዕል ባዛር ሲያዘጋጅ፣ ከአዲስ አበባና ከጅማ የመጣችሁት አሥራ ሁለት ነበራችሁ። ርእሱ «ተፈጥሮና ብርሃን» ነበር። አሥራ አንዱ ሆቴል ይዘው ፎቶ እያዩ ሲሥሉ አንቺ ብቻ «ጫካው ውስጥ ካልከረምኩ ምን እሥላለሁ?» አልሽ። አለቃዬ አቶ ኃይለመስቀል ቢሮአቸው ጠሩኝ።

«ፍቅሩ፣ አንተ ቋንቋውንም አገሩንም ታውቃለህ። አብረሃት ሁን። የምትሠራውን እየጻፍክ አምጣልኝ» አሉኝ።

«ሥዕል ነው የምትሠራው» አልኳቸው።

«ሥዕልማ አዲስ አበባም ይሠራል» አሉኝ።

ይህቺ አነጋገር እንደ እሾህ ገብታ ቀረች። ጊዜውን ታስታውሻለሽ። ምርጫው ካለፈ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ቢሮ ውስጥ ሰው ቀልድ ከመናገሩ በፊት ወደ በሩ ያይ ነበር። በገጠሩ በኩል ደግሞ ሌላ ፍርሃት ነበር። ከወዲያ ማዶ ባለች አንዲት ቀበሌ ሜትርና ደብተር የያዙ ሰዎች መጥተው ለክተው ሄዱ፤ በዓመቱ የባለሀብት አጥር መጣ ይባላል። እንግዲህ አንቺ የጫካዋ መንደር ማንኪራ የገባሽው ደብተር ይዘሽ ነው።

ንብ አናቢው ጋሽ አምባውና ባለቤታቸው ቤት አሳረፍኩሽ። ጠዋት ጠዋት አቡጀዲሽን ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ወጥረሽ ቁጭ ትያለሽ። ፀሐይዋ ጨርቁ ላይ ስታርፍ ሰዓትሽን አይተሽ ትጽፊያለሽ። ስትሄድም ትጽፊያለሽ። ቀኑን ሙሉ አንዲት መስመር ሳትሥዪ ትመለሻለሽ። ቡና የሚለቅሙት ሰዎች አጠገባችን ሲደርሱ ወሬያቸውን ያቋርጡ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሴት ቅርጫቷን አውርዳ በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ጠየቀችኝ፤ አንቺ ፈገግ ብለሽ ታዪያት ነበር።

«ይቺ የመንግሥት ናት ወይስ የባለሀብት?»

«ሠዓሊ ናት።»

«ታዲያ ለምን አትሥልም?»

ይህንን እኔም አላውቅም ነበር። አንቺን ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር። ግን የተጠራጠረ ሰው አይጠይቅም፤ ያደባል እንጂ።

ሌላም ነገር ነበረ፤ ትንሽ ስለሆነ መናገሩ ያሳፍረኛል። እኔም እንደምሥል ነግሬሽ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ ያመጣሁትን የፏፏቴ ሥዕል አሳየሁሽ። ብዙ አየሽው።

«ፏፏቴውን ቆመህ አይተኸዋል?» አልሽኝ።

«አዎ» አልኩሽ። ከካሌንደር ነበር የቀዳሁት።

«ብርሃኑ በየት በኩል ነበር የሚመጣው?»

አንቺ በክፋት አልጠየቅሽኝም፤ ወዲያው ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመርሽ። እኔ ግን ያን ዕለት ሥዕሌን መልሼ ስጠቀልል ጆሮዬ ድረስ ይግለኝ ነበር።

በማግስቱ ወንዝ ወርደሽ ልብስ ስታጥቢ ደብተርሽን ከፈትኩ። «3፡10፤ ስምንት ክንድ፤ ደረሰ። 3፡35፤ አሥራ አንድ ክንድ። 4፡05፤ ጠፋ።» ገጽ ገለጥኩ፤ ያው ነው። ሌላ ገጽ፤ ያው። ከጎኑ የዛፍ ምልክት። እውነቱን ልንገርሽ? ደስ አለኝ። ውሸቴን የያዘችብኝን ሴት እኔም ያዝኳት አልኩ። ሁለቱን ገጽ ገልብጬ ደብተሩን እንደነበረ አስቀመጥኩና፣ ስትመለሺ እርጥቡን ልብስ አብሬሽ አሰጣሁ።

አቶ ኃይለመስቀል ግልባጩን አገላብጠው አዩት።

«ክንዱ ምንድን ነው?»

«የዛፍ ልኬት ይመስለኛል።»

እኔ «ይመስለኛል» ያልኩት እሳቸው በጻፉት ደብዳቤ ላይ «ተረጋግጧል» ሆነ። ከዚያ «የአካባቢው ሰው ቃል ያስፈልጋል። ያረፈችበት ሽማግሌ ይሁኑ» አሉኝ።

ሩሀማ፣ ግማሹ ያለው እዚህ ጋ ነው።

አንቺ ሸራሽን ወጥረሽ ልትሥዪ ወደ ቦንጋ የወረድሽ ቀን እኔ ወደ ማንኪራ ወጣሁ። ጋሽ አምባው ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ቀፎ ያበጁ ነበር። ስለ አንቺ ጠየቅኳቸው። በካፊኖኖ የመለሱልኝን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«መጀመሪያ ጠርጥሬያት ነበር። ዛፍ የምትቆጥር መስሎኝ ሦስት ቀን ከኋላዋ ተከተልኳት። ልጅቷ ዛፍ አትቆጥርም። ፀሐይ ግንዱ ላይ ስትወጣና ስትወርድ ነው የምታየው። እኔም ንቦቼ የሚወጡበትን ሰዓት የማውቀው እንደዚያው ነው። ምንም አልነካችም።»

እኔ በአማርኛ የጻፍኩት ይህ ነው፦ «ግለሰቧ ለሦስት ቀናት በደኑ ውስጥ እየተዘዋወረች ዛፎችን ስትለካና ስትቆጥር ተከትዬ አይቻለሁ።»

«ያልኩትን ነው የጻፍከው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

አውራ ጣታቸውን ይዤ ቀለም አስነካሁና ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። ጣታቸውን በመሐረቤ ስጠርግላቸው መረቁኝ።

ለምን እንዳደረግኩት ሁለት ዓመት ራሴን ጠይቄያለሁ። ሽማግሌውን አታለሻቸዋል ብዬ ከልቤ አምኜም ነበር፤ ይህ ውሸት አይደለም። አለቃዬንም እፈራ ነበር። የፏፏቴው ነገርም ነበረበት። የትኛው ምን ያህል እንደሆነ መለየት አቅቶኛል፤ «ደኑን ለማዳን ነው» የሚለውን ግን ለሰው ስናገር ድምፄ ለራሴ እንኳ አይጥመኝም ነበር።

የባዛሩን መክፈቻ አንቺም ታስታውሺዋለሽ። ሰዉ የሌሎቹን ፏፏቴና ጎሽ እያደነቀ መጥቶ አንቺ ጋ ሲደርስ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያልፋል። ሰባት ሸራ። ትልቁ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቢጫ ክር የሚመስል ነገር ከላይ ወደ ታች ይወርድበታል፤ እዚህም እዚያም ነጭ ጠብታ አለው። አንድ ሰውዬ «ገና አላለቀም እንዴ?» ሲልሽ ሳቅሽ። ከዚያ አቶ ኃይለመስቀል ከፀጥታ ክፍል ከመጡ ሁለት እንግዶች ጋር ገቡ። እጁን አጣምሮ የቆመው ረጅሙ ሰው ወደ ሥዕሉ ቀረበ።

«ይህ ነጩ ቤት ነው?»

«አይደለም፣ ብርሃን ነው።»

«ቢጫውስ? መንገድ?»

«እሱም ብርሃን ነው።»

«ሁሉም ብርሃን ከሆነ ቀለሙ ለምን ተለያየ?»

አንቺ በቅንነት፣ «እስቲ እበሩ ጋ ሄደው ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ይዩት» አልሽው። ያላገጥሽበት መሰለው። ከኪሱ እኔ የገለበጥኩትን ወረቀት አወጣ። ወረቀቱን አየሽ። ቀጥሎ ከሥዕልሽ ሥር የተለጠፈውን የርእስ ጽሑፍ አየሽ፤ የሁሉንም ሠዓሊዎች ርእስ በእጄ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ የእጅ ጽሑፉ አንድ ነው። ከዚያ ዞረሽ እኔን አየሽኝ።

ቀጥለሽ ለሰዎቹ አስረዳሽ። ክንዱ ብርሃኑ ግንዱ ላይ የሚደርስበት ከፍታ መሆኑን፣ ሰዓቱም የመጣበትና የሄደበት መሆኑን ተናገርሽ። ሰውዬው ሁለተኛውን ወረቀት አነበበ፤ የጋሽ አምባውን።

«ጋሽ አምባው?» አልሽ።

ድምፅሽ የተሰበረው እዚያ ላይ ነው። የእኔን ክዳት ቆመሽ ቻልሽው፤ የእሳቸውን ግን አልቻልሽውም። ያን ጊዜ «እሳቸው እንደዚያ አላሉም» ብል የሚበቃ ነበር። አራት እርምጃ ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር። አላልኩም።

ሥዕሎችሽ ወረዱ። ሁለት ቀን እያመላለሱ ጠየቁሽ። በሦስተኛው ቀን በጅማ አውቶቡስ መስኮት በኩል አየሁሽ፤ ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ቆሜ ነበር። ሸራዎችሽ በእኛ ዕቃ ግምጃ ቤት ክረምት እስኪገባ ከርመው፣ ሻጋታ በልቷቸው እንደደረሱሽ ታውቂያለሽ። ጋሽ ጉግሳ ደግሞ ሌላ ነገር ነገሩኝ፤ «ጉዳይ ያለባት ናት» ተብለሽ ከሁለት ዐውደ ርዕይ ስምሽ እንደተሰረዘ፣ ከዚያ ወዲህም የማታውቂው ሰው ቤት ቡና እንኳ እንደማትጠጪ።

ጋሽ አምባው ካንቺ በኋላ ሁለት ጊዜ ከተማ ወርደው ስላንቺ ጠየቁኝ። «ሥራዋን ጨርሳ ሄደች» አልኳቸው።

«ሳትሰናበተኝ?»

«ቸኩላ ነበር።»

ተቀየሙሽ። አንቺ እሳቸውን፣ እሳቸው አንቺን ስትጠራጠሩ እኔ ደመወዜን እየበላሁ ኖርኩ።

የዘንድሮው መስከረም እስኪመጣ። ማንኪራ ላይ ስለ ደን ጥበቃ ስብሰባ ተጠራ። አቶ ኃይለመስቀል ለጋሽ አምባው የምስክር ወረቀት በፍሬም አዘጋጅተው ነበር፤ ደኑን ከሰርጎ ገብ የጠበቁ አባት ተብለው ሊሸለሙ ነው። ለማስረጃ ብለው የሰጡትን ቃል በአማርኛ አነበቡ። የመንደሩ አስተማሪ ዙፋን ቆማ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ወደ ካፊኖኖ ትመልሳለች። ዙፋን የዚያው አገር ልጅ ናት፤ ምንም አታውቅም፤ የተነበበውን ነው የመለሰችው።

ሽማግሌው ሊሸለሙ ተነሥተው መንገድ ጀምረው ነበር። መሐል ላይ ቆሙ።

«ድገሚው» አሏት። ደገመችው።

«ይህ የእኔ ቃል አይደለም።»

ሰዉ መተያየት ጀመረ። አቶ ኃይለመስቀል ሣቅ ብለው፣ «አባታችን ዕድሜም ስለሆነ ረስተውት ነው» አሉ። ጋሽ አምባው አላዩአቸውም።

«ፍቅሩ የታለ?»

ከኋላ ተነሣሁ።

«ያን ቀን ያልኩህን ለሰዉ ንገር። በቋንቋችን ንገር፤ ከዚያ ለእነሱ በአማርኛ ንገራቸው።»

ነገርኩ። ከላይ የጻፍኩልሽን፣ ስለ ፀሐይዋም ስለ ንቦቹም፣ በሁለቱም ቋንቋ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ስጨርስ ጋሽ አምባው፣ «እኔ አማርኛ ስለማላውቅ አፌን አምኜ ሰጠሁህ። አንተ በእኔ አፍ ልጅ በላህ» አሉኝና ፍሬሙን ሳይቀበሉ በመሐላችን አልፈው ወጡ። ሰዉም ተከትሏቸው ወጣ። ያቺ ያኔ «ታዲያ ለምን አትሥልም?» ያለችኝ ሴት በአጠገቤ ስታልፍ ቀሚሷ እንዳይነካኝ ሰበሰበችው።

በማግስቱ የጻፍኩት ቃል ሐሰት መሆኑን በጽሑፍ አመለከትኩ። መዝገብ ቤት ሦስት ቀን አንቀበልም ብለው በአራተኛው ተቀበሉኝ፤ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ግልባጩ ከዚህ ጋር አለልሽ፤ ስምሽን ለሰረዙት ሁሉ ልታሳዪው ትችያለሽ። እኔን ራቅ ወዳለችው ቢታ ገነት አዛውረውኛል፤ በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። እንደዚያ ብለሽ ብትጠረጥሪም አልፈርድብሽም፤ እኔም ራሴን እጠረጥረዋለሁ።

ጋሽ አምባው ይቅር አላሉኝም። ቤታቸው ስሄድ ግባ አይሉኝም፤ ደጅ ቆመን ነው የምንነጋገረው። ባለፈው ቅዳሜ፣ «ለልጅቷ ጻፍላት። የእኔንም ጨምርበት» አሉኝ። ያሉት ይህ ነው፦

«ልጄ፣ እኔ አንቺን አልሸጥኩም። እንጀራዬን የበላ ሰው አልሸጥም። ሳትሰናበቺኝ ስትሄጂ ግን ክፉ አስቤብሻለሁ፤ ያን ይቅር በይኝ። ቤቱ አለ። ብትመጪ ትገቢያለሽ፤ ባትመጪም እውነቱን ያዢው።»

ደብዳቤውን ያለ ምስክር እንድልክ አልፈቀዱም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደጃፋቸው ላይ ዙፋን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በካፊኖኖ ታነብላቸዋለች። እኔ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ፤ እንደዚያ ነው ያዘዙኝ። ካነበበች በኋላ የደብዳቤው የካርቦን ግልባጭ እሷ ጋ ይቀራል፤ ይህኛውን እሷው አሽጋ፣ እሷው ወስዳ ፖስታ ቤት ትሰጣለች።

ፍቅሩ

———

እህቴ ሩሀማ፣ አንተዋወቅም። ሁሉንም አንብቤላቸዋለሁ። የፏፏቴውን ቦታ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። አንድ ቃል ብቻ አስተካክዪ ብለዋል፦ «ተቀየሙሽ» የሚለውን። «አልተቀየምኩም፤ ናፍቃኝ ነበር በይልኝ» ብለዋል።

ዙፋን